ብልቃጥ ላይ የተጻፈ አበባ

ተናጋሪዎቹ ለክርክሩ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። አንዱ ካናቢስ በክፍለ ግዛቱ ሕግ በሚሸጥባት በዴንቨር ከተማ የሱቅ ሠራተኛ ነው። ሌላዋ የዕፅዋትን ጠረን የምታጠና ኬሚስት ናት፤ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ሁለቱም የኢትዮጵያ ተወላጆች ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሻጩ፦ እትዬ፣ የእኔ ነገር ቀላል ነው። ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ምን ይሸታል፣ ምንስ ያደርገኛል? እኔም ብልቃጡን አንስቼ አነብለታለሁ። «የተዳቀለ ዝርያ፣ ግማሹ ኢንዲካ ግማሹ ሳቲቫ፣ የላቬንደር ሽታ ያለው፣ የሚያረጋጋ» ይላል። ሰውየው ሲያሸተው እውነትም አበባ አበባ ይላል፤ ይገዛል። ዝርያው ስም አለው፣ እናትና አባቱም ተጽፈዋል። ጠባዩም የታወቀ ነው፤ ቁመቱ አጠር፣ ቅጠሉ ሰፋ፣ ዘለላው ጠጠር ያለ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ። ታዲያ እርስዎ ይህን ሁሉ የማያምኑት ለምንድን ነው?

ኬሚስቷ፦ ውሸት ነው አላልኩም፤ የብልቃጡ ወረቀት የማያውቀውን ይናገራል ነው ያልኩት። «የተዳቀለ» ከሚለው እንነሣ። አገር ቤት ያለ ገበሬ ቢኤች 660 የተባለውን የባኮ በቆሎ ሲዘራ «የተዳቀለ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዘሩ ተለይተው ከተያዙ የወላጅ መስመሮች የተገኘ ነው፤ ማሳው አንድ ወጥ ሆኖ ይቆምለታል፤ ከዚያው ምርት ዘር አስቀርቶ ከዘራ ግን የተዘበራረቀ ይበቅልበታል። በካናቢስ ንግድ ቃሉ ይህን አይነግርህም። የካሊፎርኒያ አብቃዮች በ1970ዎቹ ከአፍጋኒስታን የመጣውን አጭርና ቶሎ ደራሽ ተክል ከሜክሲኮና ከኮሎምቢያ ከመጡት ረጃጅምና ዘግይቶ አባቢ ተክሎች ጋር አዳቀሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ «ስከንክ ቁጥር 1» የሚባለው፣ በ1980ዎቹ ወደ ኔዘርላንድስ ተሻግሮ ለብዙ የዘር ነጋዴዎች መነሻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተዳቀለው ከተዳቀለ ጋር እየተዳቀለ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሱቅህ ውስጥ ያልተዳቀለ ፈልገህ ብታጣ አይገርመኝም፤ ሁሉን የሚገልጽ ቃል ደግሞ ለገዢው አንዱን ከሌላው አይለይለትም።

ሻጩ፦ ይሁን፣ ሰፊ ቃል ነው እንበል። «ግማሽ ኢንዲካ ግማሽ ሳቲቫ» የሚለውስ? ይህ እኮ የሳይንስ ስም ነው፤ ሻጭ የፈጠረው አይደለም። አብቃዩም በዓይኑ ይለየዋል፤ ቅጠለ ሰፊው ኢንዲካ፣ ቅጠለ ቀጭኑ ሳቲቫ።

ኬሚስቷ፦ ስሙ የሳይንስ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን የገበያ ነው። ሳቲቫን ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ሰየመው። ኢንዲካን ፈረንሳዊው ላማርክ በ1785 ከሕንድ የደረሰውን ናሙና ይዞ ለብቻው አወጣው። በ1976 ካናዳዊው ስሞልና አሜሪካዊው ክሮንኲስት ሁለቱን መልሰው አንድ አደረጓቸው፤ ክርክሩም እስካሁን አልተዘጋም። ይህን ለተመራማሪዎቹ እንተወውና ስሙ ሱቅህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 81 የካናቢስና 43 የሄምፕ (የማያሰክረው ካናቢስ) ናሙናዎችን ዘረመል መረመረ። ተመሳሳይ ስም የያዙ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ፣ ከ17 ንጽጽሮች በ6ቱ ናሙናው ከስመ ሞክሼው ይልቅ ሌላ ስም ወዳለው ቀርቦ ተገኘ። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ «የጃማይካ ላምስ ብሬድ» የሚባለው ነው። የሳቲቫ ተምሳሌት እየተባለ የሚሸጠው ይህ ናሙና ኢንዲካ ከተባለ የአፍጋኒስታን ናሙና ጋር በዘረመል አንድ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። በ2022 ደግሞ ከስድስት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተሰበሰቡ ወደ 90,000 የሚጠጉ የላብራቶሪ ውጤቶች ታዩ። ናሙናዎቹ ተርፒን በሚባሉት የሽታ ውህዶች ይዘታቸው በሦስት ዋና ዋና ጎራ ተሰበሰቡ፤ ኢንዲካ፣ ሳቲቫና ድቅል የሚሉት ሦስት ስሞች ግን ከሦስቱ ጎራዎች ጋር አልገጠሙም። እና «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ልኬት ከየት መጣ? የለካው ሰው የለም። የዘር ነጋዴው ካታሎግ ላይ የነበረው ወደ ብልቃጡ ተገልብጦ ነው።

ሻጩ፦ እዚህ ላይ ግን አንድ ጥናት ዘለውብኛል፤ እኔም ባነብ ያጋጥመኛል። በ2021 ኔቸር ፕላንትስ ላይ የወጣው፣ የካናዳና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የሠሩት፣ ስሙና ኬሚስትሪው ይገናኛሉ አላለም? ኢንዲካ የተባሉት ማይርሲን የሚባለው ተርፒን ይበዛባቸዋል፤ ሳቲቫ የተባሉት ፋርኔሲንና ቤርጋሞቲን። ስለዚህ ስሙ ስለ ሽታ የሚያወራው አለው ማለት ነው።

ኬሚስቷ፦ አልዘለልኩትም፤ ለአንተ እንዳይጠቅም ዘግይቼ ላመጣው ነበር። ያ ጥናት ያገኘው ሁለት ነገር ነው፤ አብረው ካልተነበቡ ደግሞ ያሳስታሉ። አንደኛው፣ አንተ ያልከው፣ ስሙ ከጥቂት ተርፒኖች ጋር መገጣጠሙ ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ ከአጠቃላይ የዘር ሐረግ ጋር አለመገጣጠሙ ነው። ልዩነቱ ተርፒን የሚሠሩ ኢንዛይሞችን በሚያዙ በጣት የሚቆጠሩ የዘረመል ስፍራዎች ላይ ነው የታየው። ትርጉሙ ግልጽ ነው። አብቃዩ ወላጅ አይቶ አይደለም ስም የሚሰጠው፤ አሽትቶ ነው። አፈር አፈር፣ ከበድ ያለ ሲሸተው ኢንዲካ ይለዋል፤ ጣፈጥ፣ ቅጠል ቅጠል ሲለው ሳቲቫ። ስለ አፍንጫው መመስከሩ ደግ ነው፤ ግን ምስክርነቱን የዘር ሐረግ አስመስሎ ያቀርበዋል። ሽታን ሽታ ብሎ መጻፍ ሲቻል ሐረገ ትውልድ ምን አመጣው?

ኬሚስትሪው ራሱ ይህን ይደግፋል። የሴቴዋን አበባ በማጉያ ብታይ፣ ቅጠሎቹ ላይ በቀጭን ዘንግ የተቀመጡ የጠሩ ጠብታዎች ታያለህ። እነዚህ ዕጢዎች ናቸው። የሚያሰክረው ውህድ ቲኤችሲም ሆነ ሽታው እዚያች ጠብታ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ያውም ቲኤችሲና ቀለል ያሉት ተርፒኖች ከአንድ ጥሬ ዕቃ፣ ጄራኒል ዳይፎስፌት ከሚባል ሞለኪውል። አንድ ኢንዛይም ከኦሊቬቶሊክ አሲድ ጋር ሲያገናኘው ጉዞው ወደ ቲኤችሲ ወይም ወደማያሰክረው ሲቢዲ ይሆናል። ሌላ ኢንዛይም ማይርሲን ያደርገዋል፤ ሌላው ሊሞኒን፤ ሌላው ሊናሎል። እና ተክሉ አበባ አበባ እንዲሸት የሚያደርገው «ግማሽ ሳቲቫ» መሆኑ አይደለም። ሊናሎል የሚሠራው ኢንዛይም ዘረመል እዚያ ተክል ውስጥ መኖሩና በርትቶ መሥራቱ ነው። ያ ዘረመል ከአፍጋኒስታንም ከታይላንድም ሊመጣ ይችላል፤ የቅጠሉ ስፋት ስለ እሱ የሚያውቀው የለም።

ሻጩ፦ እንግዲያው እኔ ረታሁ። ኢንዲካና ሳቲቫውን ፍቄ «የላቬንደር ሽታ» የሚለውን አስቀራለሁ። ላቬንደርን ላቬንደር ያደረገው ሊናሎል ነው፤ የላብራቶሪው ወረቀትም ሊናሎል አለው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኬሚስቷ፦ ሊናሎል ያለበት ሁሉ ላቬንደር አይሸትም። የድንብላል ፍሬ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊናሎል ነው፤ ድንብላል አሽትቶ ላቬንደር ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ምክንያቱ ሁለት ነው። ላቬንደር ውስጥ ሊናሊል አሴቴት የተባለ ውህድ ከሊናሎሉ እኩል ቦታ ይዞ ሽታውን ያለሰልሰዋል። በዚያ ላይ ሊናሎል እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው። በላቬንደር ውስጥ የሚበዛው አንዱ ነው፤ በድንብላል ውስጥ ሌላው። የሰው አፍንጫ ሁለቱን ይለያል፤ የላቬንደሩን መልክ ለማሽተት የሚበቃው መጠን ከድንብላሉ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የተለመደው የላብራቶሪ ወረቀት «ሊናሎል» ብሎ ሲያበቃ የትኛው መልክ እንደሆነ አይነግርህም።

መቶኛውም ብቻውን ሽታ አይደለም። አንድ ውህድ በወረቀቱ ላይ አሥር እጥፍ በልጦ ሲታይ፣ አፍንጫህ ግን ትንሹን ብቻ ሊሰማ ይችላል፤ እያንዳንዱ ውህድ ለመሽተት የሚያስፈልገው መጠን የየራሱ ነውና። ለዚህ ካናቢስ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ያ ከሩቅ የሚታወቀው የሚከረፋ ሽታው በተርፒኖቹ የመጣ ይመስል ነበር። በ2021 ኤሲኤስ ኦሜጋ ላይ የወጣ ጥናት ግን ምንጩ ድኝ ያለባቸው ውህዶች እንደሆኑ አሳየ፤ ዋነኛውም ፀሐይ የመታውን ቢራ የሚያከረፋው ያው ውህድ ነው። መጠኑ ከተርፒኖቹ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አፍንጫ ላይ ግን ገዢው እሱ ነው። በ2023 እነዚያው ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የተርፒን ሠንጠረዣቸው የሚቀራረብ አበቦች አንዱ ፍራፍሬ ፍራፍሬ፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት መሳይ ሊሸቱ ይችላሉ፤ የለያዩአቸው በጣም ጥቂት የሆኑ ሌሎች ውህዶች ናቸው።

ሻጩ፦ ይህ እኮ በራስዎ ላይ ነው የሚዞረው፣ እትዬ። ስሙ አይታመንም አሉ፤ ቁጥሩም አይበቃም አሉ። ታዲያ የሚቀረው ምንድን ነው? ስም ባይኖር ሰው በምን ይተማመን? ቡናን ይመልከቱ። ጌሻ የሚባለው ቡና ከእኛው አገር ወጥቶ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ደረሰ። በ2004 የፓናማ ውድድር ላይ በጃዝሚን ሽታው ዓለምን አስደነቀ። ዛሬ ስሙ ብቻ ዋጋ ያወጣል። ለካናቢስ ያልሆነው ስም ለቡና ለምን ሆነ?

ኬሚስቷ፦ ቡናን ማምጣትህ ደግ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። በመጀመሪያ ጌሻም ቢሆን ከጣጣ አላመለጠም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ቡናዎች ሲመረመሩ በዘር ሁሉም አንድ አልሆኑም። የፓናማው ግን ራሱን ችሎ አንድ ወጥ ሆኖ ተገኝቷል። ለምን ቢባል፣ አረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚያፈራ ተክል ነው፤ ፍሬውን ብትተክል ከሞላ ጎደል እናቱን ይመስላል። ካናቢስ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ተክል ነው። ወንዴው የአበባ ዱቄቱን ለነፋስ ይሰጣል፤ ነፋሱም ኪሎ ሜትሮች አሻግሮ ይወስደዋል። ከሁለት ድቅል ወላጆች የሚወጣ ዘር ደግሞ እህትማማች እንጂ መንታ አይሆንም። አንድ መቶ ዘር ብትዘራ ጥቂቶቹ አበባ አበባ ይሸታሉ፤ ሌሎቹ ቁንዶ በርበሬ፣ ሌሎቹ ጋዝ ጋዝ። አርቢው ከመካከላቸው የወደዳትን አንዲት ሴቴ ይመርጣል። «ዝርያ» ብለህ የምትሸጠው እንግዲህ ያቺ አንዲት ተክል ናት።

ከዚያ በኋላ እሷን የሚያቆያት ዘር አይደለም፤ ከቅርንጫፏ እየቆረጡ ሥር ማስያዝ ነው። ይህ ዘዴ ዘረመሏን ይጠብቃል፤ ግን ሕመሟንም አብሮ ያራባል። ከ2019 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የካናቢስ እርሻዎች የተዘገበው የሆፕስ ስውር ቫይሮይድ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። እናት ተክሏ ደኅና ትመስላለች፤ ከእሷ የተቆረጡት ግን ይቀጭጫሉ፣ ዕጢዎቻቸው ያንሳሉ፣ ሽታቸውም ይደክማል። ሆፕስ፣ ቢራ የሚጠመቅበት ማለቴ ነው፣ የካናቢስ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ በሽታው ለሁለቱም ይደርሳል። ዘረመሏ ያው ነው፤ ስሟም ያው ነው፤ አበባው ግን ያው አይደለም።

ጤነኛ ብትሆን እንኳ ሽታው ማሳው ላይ አያልቅም፤ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ነው የሚፈረድበት። ማይርሲን፣ ሊሞኒን፣ ሊናሎል ቀለል ያሉ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ሙቀት ሲያገኙ ይበንናሉ፣ አየርና ብርሃን ሲነካቸው መልካቸው ይለወጣል። ካርዮፊሊንን የመሰሉት ከባዶች ይቆያሉ። በ1996 በታተመ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ፣ በርጥቡ አበባ ዘይት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የነበረው የቀላሎቹ ድርሻ ደርቆ ሦስት ወር ከተቀመጠ በኋላ ወደ 62 በመቶ ገደማ ወርዷል። ልብ በል፣ ዘይቱ ቀነሰ ብቻ አይደለም፤ ቅንብሩ ተለወጠ። ስለዚህ ከአንዲት እናት ተክል የተቆረጠ፣ በአንድ ቀን የታጨደ ምርት፣ አንዱ በቀዝቃዛ ጨለማ ክፍል ቀስ ብሎ ሲደርቅ ሌላው በሞቀ ክፍል በጥድፊያ ቢደርቅ፣ ሁለት ዓይነት ሽታ ይዞ ሱቅህ ይደርሳል። ብልቃጦቹ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው።

ሻጩ፦ ታዲያ ስሙን የሚጠብቅ ሕግ ለምን አይወጣም? ለዘርም ለንግድ ምልክትም ሕግ እያለ?

ኬሚስቷ፦ ችግሩ እዚያው ሕጉ ጋ ነው። ኮሎራዶ በ2012 ድምፅ ሰጥታ ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ ሽያጭ ፈቀደች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን ተክሉን እንደ ሌላ ሰብል አያየውም። በ2018ቱ የግብርና ሕግ ነፃ የወጣው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ቲኤችሲ ያለበት ሄምፕ ብቻ ነው። የፌዴራሉ የንግድ ምልክት ቢሮ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ለተከለከለ ሸቀጥ ስም አይመዘግብም። ስለዚህ የታወቀ ስም የሰማ ሁሉ በራሱ ተክል ላይ ቢለጥፈው የሚከለክለው የፌዴራል ምዝገባ የለም። በ2019 በኮሎራዶ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን በአብዛኛው ከሱቆች 30 ስም ያላቸው 122 ናሙናዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በብዙዎቹ ስሞች ሥር ከሌሎቹ ጋር በዘረመል የማይገጥም ናሙና ተገኝቷል። ይህ የሕግ ክፍተት፣ በነገራችን ላይ፣ ለእኛ ሰው ከሽታ የበለጠ መዘዝ አለው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ በዚህ ንግድ ተቀጥሮ መሥራት የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል ይችላል ብሏል። ሱቅ እንቀጥርህ ሲሉት በደስታ የሚሄድ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ይህን ያውቅ ይሆን? አገር ቤት ያለው ሕግማ የታወቀ ነው፤ ጨርሶ ክልክል ነው።

ሻጩ፦ እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን። አሁን «የሚያረጋጋ» የሚለው ይቅረብ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለእሱ ነውና። ይህ ደግሞ እንዲያው የሻጭ ወሬ አይደለም። በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች አይጦች ሊናሎል እንዲያሸቱ አድርገው ፍርሃታቸው እንደቀነሰ አሳይተዋል። በ2024 ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ሊሞኒን ከቲኤችሲ ጋር ሲሰጥ ጭንቀቱን አለዝቦታል። ሽታው ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ኬሚስቷ፦ ሁለቱም ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ልክ እንደተጻፉት ከተነበቡ። የጃፓኖቹ ሙከራ ማሽተት የተሳናቸው አይጦች ላይ ሲደገም ሊናሎሉ ምንም አልሠራም፤ መንገዱ አፍንጫ ነው ማለት ነው። ላቬንደር ያለበት ጨርቅ ማሽተትም ያንኑ መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ካናቢስ አያስፈልገውም። የጆንስ ሆፕኪንሱን ደግሞ ቁጥሩን እንይ። ተሳታፊዎቹ 20 ነበሩ። ውጤቱ ጎልቶ የታየው 30 ሚሊግራም ቲኤችሲ ከ15 ሚሊግራም ሊሞኒን ጋር በእንፋሎት ሲሰጥ ነው። አሁን ወደ ሱቅህ አምጣው። 20 በመቶ ቲኤችሲ ካለው አበባ 30 ሚሊግራሙን ለማግኘት 150 ሚሊግራም አበባ ይበቃል። አበባው ግማሽ በመቶ ሊሞኒን ቢኖረው፣ ይህም ደኅና የሚባል መጠን ነው፣ ከዚያ የሚገኘው 0.75 ሚሊግራም ነው። ሙከራው ውስጥ የነበረው የዚህ ሃያ እጥፍ ነው። ተርፒን ከቲኤችሲ ጋር ተደጋግፎ ይሠራል የሚለውን ሐሳብ አልጥለውም፤ ለመመርመር የሚበቃ መሠረት አግኝቷል። ከዚያ ተነሥቶ ግን የአበባ ሽታ ያለው ብልቃጥ ላይ «ያረጋጋል» ብሎ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ቲኤችሲው የበዛበት አበባ ቢሸትም ባይሸትም ሰውን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ «ያረጋጋል» የሚለውን አምኖ አብዝቶ የወሰደ ሰው ደግሞ ጉዳቱ የሱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ወረቀቱ ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ቢያሳስቱ ኪስ ነው የሚጎዱት።

ሻጩ፦ ታዲያ መድኃኒቱ ላብራቶሪ ነው ሊሉኝ ነው። ላብራቶሪውስ ይታመናል? በ2023 እዚሁ ኮሎራዶ ከ10 ሱቆች የተገዙ 23 ናሙናዎች እንደገና ሲለኩ፣ አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው ቲኤችሲ ከተገኘው በጣም በልጦ ነበር። ቁጥር ከፍ ያለለት ይሸጣል፤ አምራቹም ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን ላብራቶሪ ይመርጣል። ስሙን ያጣመመው ገበያ ቁጥሩንም አጣሞታል።

ኬሚስቷ፦ አጣሞታል። ግን አንተ ራስህ እንዴት አወቅኸው? ሌላ ሰው ስለለካው ነው። ቁጥር ሲዋሽ በሌላ መለኪያ ይያዛል፤ 14 ነው ወይስ 20 ነው ብሎ መፈተሽ ይቻላል። «ግማሽ ኢንዲካ» ሲዋሽ ማን ይይዘዋል? የሚለካበት ነገር የለውም። የእኔ ምርጫ ከዚህ ነው የሚነሣው፤ ላብራቶሪ ስለማይሳሳት አይደለም። ሁለተኛም፣ ላብራቶሪው እንዲዋሽ የሚገፋው አንድ ቁጥር ብቻ፣ ያውም ቲኤችሲ፣ ዋጋ ስለሚወስን ነው። ገዢው ለሽታ መምጣቱን አንተው ነግረኸኛል፤ ሽታ ደግሞ በቲኤችሲ መቶኛ አይታወቅም።

ሻጩ፦ ስለዚህ ነገ ጠዋት ብልቃጡ ላይ ምን ልጻፍ?

ኬሚስቷ፦ ስሙን ተወው፤ ሰው ለምዶታል፣ ለመጥሪያ ያገለግላል። ሥሩ ግን ይህኛው ምርት የተገኘው ከዘር ነው ወይስ ከእናት ተክል ቅርንጫፍ፣ መቼ ታጨደ፣ መቼ ታሸገ፣ መቼ ተለካ የሚለውን ጻፍ። ከተርፒኖቹ የበዙትን አምስቱን ከነመጠናቸው አስቀምጥ፤ የተለኩት ይህኛው ምርት ላይ መሆኑን አረጋግጥ፣ ካለፈው ዓመት ምርት ተገልብጦ እንዳይሆን። ከዚያ አንተና ባልደረቦችህ ብልቃጡን ከፍታችሁ፣ ስሙን ሳታዩ አሽቱና የተስማማችሁበትን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ፤ አበባ አበባ ካለ አበባ በሉት፣ ድንብላል ካለ ድንብላል። «የአፍንጫችን ምስክርነት» ብላችሁ ቀኑን አኑሩበት። ግማሽ በግማሽ የሚለውንና የሚያረጋጋ የሚለውን ሰርዘው።

ሻጩ፦ አለቃዬ ይህን ሁሉ የሚጽፍበት ወረቀት ብልቃጡ ላይ አይበቃም ይለኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ የታሸገበትን ቀን በትልቁ ከጻፍኩ፣ መደርደሪያው ላይ አራት ወር የቆየውን ማን ይገዛኛል?

ኬሚስቷ፦ ርካሽ አድርገህ ትሸጠዋለህ። አራት ወር የቆየው ውስጥ ቲኤችሲው በአብዛኛው አለ፤ የሄደው ሽታው ነው። ዛሬ ግን ለአበባ ሽታው እያስከፈልክ የምትሸጥለት ሰው የሄደውን ነው የሚከፍልበት። ወረቀቱ ጠበበ ካለህ ደግሞ እናትና አባቱ የተጻፉበትን መስመር ስጠው፤ ለቀኑ ይበቃል።